የሱፍ ሜትር

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። የሱፍ ማጠቢያ ቤቱ ርዝመቱ አራት ሜትር፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ነው። በግራ በኩል ካለው ግድግዳ ላይ አምስት መደርደሪያዎች አሉ። ከታች ያለው የትዊድ ነው፤ ትዊድ ሸካራና ወፍራም ስለሆነ ብሩሽ እንጂ ውሃ እምብዛም አይወድም። ከሱ በላይ ፍላኔሉ አለ፤ እርጥብ ጨርቅ ሳይደረግበት ካውያ ከነካው ወዲያው እንደ አሮጌ ሱሪ ቂጥ ማብረቅረቅ ይጀምራል። መሃል ላይ ጋባርዲኑ ተሰቅሏል፤ ክሩ ጠንክሮ የተፈተለ ስለሆነ መጨማደድ አያውቅም። በአራተኛው መደርደሪያ ሹራቦቹ ተጣጥፈው ተኝተዋል፤ ሹራብ ከተሰቀለ ትከሻው ላይ ቀንድ ያበቅላል። አምስተኛው ላይ ብል እንዳይደርስበት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ለስላሳ የካሽሜር ሹራብ ብቻውን እንደ ሙሽራ ተቀምጧል።

የቤቱን ባለቤት ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል። በክፋት አይደለም። ሰውየው ሻይ ቤት ገብቶ እንኳን ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ጠርዝ በጣቱ ለክቶ ነው የሚያስቀምጠው። አብራው የምትሠራው ታላቅ እህቱ ናት፤ እሱ «እታለም» ይላታል፣ እሷ ደግሞ ሃምሳ ዓመት አልፎትም «አንተ ልጅ» ትለዋለች። እሷ ታጥባለች፤ እሱ ይቀበላል፣ ይለካል፣ ያደርቃል፣ ይተኩሳል።

የሚለካበት ሜትር የላስቲክ አይደለም። አባታቸው በሕይወት ሳሉ ከሱፍ ክር በእጃቸው የሸመኑት፣ የቀበቶ ያህል ወርድ ያለው፣ ቁጥሮቹ በቀለም የተጻፉበት የአንድ ሜትር ተኩል ጥብጣብ ነው። ሱፍ በሱፍ ካልተለካ አይታመንም ብለው ያምኑ ነበር። ጫፉ ላይ የነሐስ ማኅተም አለ፤ በየዓመቱ የልክና የሚዛን መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ እየመጣ ዓመተ ምሕረቱን ይመታበታል። ያ ማኅተም ካልታደሰ የሥራ ፈቃዱም አይታደስም፤ ፈቃዱ ካልታደሰ ደግሞ በሩ ይታሸጋል፤ ወንድምና እህት ቤታቸው ገብተው ይተያያሉ ማለት ነው።

አሠራራቸው ይህ ነው። ልብሱ ሲመጣ ይለካል፤ ልኩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ሜትሩ ተጠቅልሎ እዚያው ልብሱ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ልኩና ልብሱ እንዳይለያዩ። ማሽኑ ዘንድ ሲደርስ ከኪሱ ይወጣል። ልብሱ ታጥቦ ሲወጣ አይጨመቅም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ውሃው ይመጠጥና ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እንደገና ይለካል። አጥሮ ከተገኘ እርጥብ እያለ በእጅ ቀስ ተብሎ ተስቦ ወደ ልኩ ይመለሳል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ያጠረ ልብስ ከዚያ ቤት አልወጣም።

በዚያ ሰኞ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ካፖርት የተቆጣጣሪው የራሱ ነበር። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ፀጉር ያለው ሱፍ። ርዝመቱ 112፣ እጅጌው 64፣ ትከሻው 48። ተቆጣጣሪው ሐሙስ ለቁጥጥር ሲመጣ አንድ መንገድ እንዲሆንለት ይወስደዋል።

አሁን ስለ ጎማዎቹ መናገር ያስፈልጋል። እሑድ ዕለት ሚሊሜትር ውሃ ወደ ማሽኑ የሚያስገቡትን ሁለት ጎማዎች በአዲስ ቀይሮ ነበር። ቀይና ሰማያዊ ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ቀዩን ከሙቅ፣ ሰማያዊውን ከቀዝቃዛ አገናኝቶ ይሄዳል። እሱ ግን መጀመሪያ ለካቸው፤ ቀዩ በአራት ሚሊሜትር ይረዝማል። ከሁለቱ ቧንቧዎች ደግሞ ራቅ የሚለው ቀዝቃዛው ነው። አጭሩ ሩቅ ቦታ ገብቶ ሲወጠር፣ ረዥሙ ቅርብ ቦታ ገብቶ ሲንዘላዘል ማየት አልፈለገም። ረዥሙን ከሩቁ፣ አጭሩን ከቅርቡ አገናኘ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አየው። እኩል ተወጥረዋል። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ሰኞ እታለም ካፖርቱን ማሽን ውስጥ እየከተተች «ሜትሩን አውጥተሃል?» አለችው።

እሱ ጎማዎቹን ከጎን በአንድ ዓይኑ እያነጣጠረ «አዎ፣ አዎ» አላት።

ማሽኑ ለሱፍ የሚሆነውን ቀዝቃዛ ውሃ ጠየቀ። በቀዝቃዛ መግቢያው ላይ በተገጠመው ሰማያዊ ጎማ በኩል ሰባ ዲግሪ የሞላው የቦይለር ውሃ መጣለት። ለአርባ ደቂቃ አሸ።

በሩ ሲከፈት እታለም መጀመሪያ የመግቢያ ምንጣፍ ያወጣች መሰላት። ካፖርቱ ጠጥሮ፣ ወፍሮ፣ ተኮማትሮ ብቻውን ይቆማል። ኪሱን ዳበሰች፤ ሜትሩ ከውስጥ እንደ ደረቀ ቃሪያ ተጠቅልሎ ወጣ።

«አንተ ልጅ» አለች ቀስ ብላ። «ና እስቲ ጉድህን እይ።»

ሚሊሜትር አየና ክው አለ። አፉ ግን ልማዱን አለቀቀም። «በዓይን አይፈረድም፤ ይለካ» አለ። ካፖርቱን ዘረጋው፤ ሜትሩን ከአንገት እስከ ጫፍ አስተኛው፤ አነበበ። ቀና አለ። እንደገና ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«መቶ አሥራ ሁለት» አለ።

«ምን?»

«መቶ አሥራ ሁለት ነው፣ እታለም። እጅጌው ስልሳ አራት። ትከሻው አርባ ስምንት። ምንም አልሆነም።»

እታለም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ካፖርቱን አየች፣ ወንድሟን አየች። ከዚያ ካፖርቱን አንስታ ደረቱ ላይ ለጠፈችበት። ጫፉ ጉልበቱ ጋ እንኳ አልደረሰም። «ይኸው መቶ አሥራ ሁለትህ» አለችው። «ወይ አንተ ከጠዋት ወዲህ ዝሆን ሆነሃል፣ ወይ ዓይንህን በጨው ታጥበሃል።»

ሞኝ አልነበረም። ጠረጴዛውን ለካ። ትናንት አንድ ሜትር ከሰማንያ የነበረው ጠረጴዛ ሁለት ሜትር ከስልሳ ዘጠኝ ሆኖ አደረ። ከመሳቢያ የብረት ማስመሪያ አወጣና ከሱፉ ሜትር አጠገብ አስተኛው። «100» የሚለው ቁጥር በብረቱ 67 ላይ ቆሟል። ሜትሩና ካፖርቱ አንድ ውሃ ውስጥ አብረው ታሽተው እኩል ተኮማትረዋል። ካፖርቱ በብረቱ ሰባ አምስት ሳንቲሜትር ነው።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጎማዎቹን አየ። አሁንም እኩል እንደተወጠሩ ናቸው።

«እንግዲህ በዚያ ብረት ለካው» አለች እታለም።

«ብረቱ ማኅተም የለውም። በዚህ ቤት ሕጋዊው ልክ ይሄ ነው» አለ፣ ሜትሩን እያሳያት። «ይሄ ስሕተት ነው ካልኩ ማኅተሙ ይነሣል፤ ይዘጉናል። ልክ ነው ካልኩ ደግሞ ካፖርቱ ልክ ነው።»

«ሰውየው ሊለብሰው ሲሞክርስ?»

ሚሊሜትር ካፖርቱን ከጠረጴዛው አነሣ።

ሁለት ቀን ሙሉ ባለ በሌለ ኃይሉ ሊያስመልሰው ሞከረ። ሱፍ በሙቀትና በመታሸት ሲጎዳ የክሩ ቅርፊቶች እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ አንዴ ከተቆላለፉ ደግሞ ለማኝ እንዳየ ንፉግ እጃቸውን አይፈቱም። የሚያላላቸው ነገር ቢኖር ለብ ባለ ውሃ የተበጠበጠ የፀጉር ኮንዲሽነር ነው። እታለም የራሷን አዲስ ጠርሙስ እያጉረመረመች ሰጠችው። ካፖርቱንም ሜትሩንም ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፈ፤ ሳይጨምቅ በፎጣ መጠጠ፤ ዘርግቶ ጠርዙን እየሳበ በመርፌ ወጠረ። ረቡዕ ከሰዓት በብረቱ ለካ። ካፖርቱ ሰባ ሰባት ሆኗል፤ ሁለት ሳንቲሜትር ማግኘት ቀላል አይደለም። የሜትሩ መቶ ደግሞ ስልሳ ዘጠኝ ደርሷል። በሱፉ ሜትር ሲለካ ካፖርቱ መቶ አሥራ ሁለት ነበር።

«ቢያንስ ጥሩ ይሸታል» አለች እታለም።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ተቆጣጣሪው ገባ። አጭር፣ ንጹሕ፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። በአንድ እጁ ረዘም ያለ የእንጨት ሣጥን፣ በሌላው የማኅተም መምቻ ይዟል። ሣጥኑ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ የብረት ሜትር አለ፤ በእርግጥ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ሣጥኑ ተከፍቶ አያውቅም። ያለፈውን ዓመት ማኅተም አይቶ የዘንድሮውን ይመታል፤ በቃ።

«እንደምን ከረማችሁ! መጀመሪያ ካፖርቴን፤ ውጭ ያለው ብርድ አጥንት ይገባል።»

ሚሊሜትር አቀረበለት። ተቆጣጣሪው አንዱን እጁን አስገባ፤ ክርኑ አካባቢ ቆመ። ሁለተኛውን ሲያስገባ ሁለቱ ትከሻዎቹ ወደ ኋላ ተጠፍረው ለመሳም እንደ ቸኮለ ሰው ደረቱን ነፍቶ ቀረ። እታለም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሳቋን ዋጠች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ተቆጣጣሪው፣ እንደታሰረ።

ሚሊሜትር ሊናገር አስቦ የነበረው ሌላ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን «ይለኩት» የሚለው ነው።

ተቆጣጣሪው በእታለም ረዳትነት ከካፖርቱ ወጣ። ሜትሩን ተቀብሎ መጀመሪያ ማኅተሙን አየ፤ የራሱ እጅ የመታው ነው። ለካ። መቶ አሥራ ሁለት። መዝገቡን አየ። መቶ አሥራ ሁለት። መዝገቡን ዘጋው።

«ካፖርቱ ልክ ነው» አለ በመጨረሻ። «እንግዲያው የተለወጥኩት እኔ ነኝ። እስቲ ለኩኝ።»

«ጌታዬ፣ ነገሩ...»

«ለኩኝ ብያለሁ!»

በበሩ መቃን አቁመው በሜትሩ ሁለቴ ቀጥለው ለኩት። ሁለት ሜትር ከሠላሳ ስድስት።

የተቆጣጣሪው ፊት ላይ የሆነው ነገር እንዲህ በቀላሉ አይነገርም። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በቡድን ፎቶ ላይ ፊት ለፊት እየተቀመጠ የኖረ ነው። ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ አንገቱ ከኮሌታው ወጣ። «ሁለት ሜትር ከሠላሳ ስድስት» አለ። «ይታወቀኝ ነበር። ሰሞኑን ደረጃ ስወጣ የሆነ ነገር ይታወቀኝ ነበር።»

ሚሊሜትር ዝም ቢል ይበቃው ነበር። ማኅተሙ ይመታ ነበር፤ ቤቱ አይዘጋም ነበር። ግን ሁለት ሜትር ከሠላሳ ስድስት ሲባል ጆሮው አልቻለም።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጎማዎቹን አቀያየርኳቸው። ካፖርቱም ሜትሩም በሙቅ ውሃ ተኮማትረዋል። እርስዎ አንድ ሜትር ከስልሳ ሦስት ነዎት።»

«ማን ነግሮህ?»

«በዓይኔ ነው የገመትኩት። ግማሽ ሳንቲም ወዲያ ወዲህ ይል ይሆናል።»

«በዓይን አይፈረድም» አለ ተቆጣጣሪው ኮስተር ብሎ። ሚሊሜትር አንገቱን ደፋ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለውም። «የታተመ ሜትር ደግሞ አይኮማተርም። ለማንኛውም ሥርዓቱን እንከተል።» ሣጥኑን ከፈተ። ማጠፊያው እንደ ድመት ጮኸ። የብረቱን ሜትር አውጥቶ የሱፉን ሜትር ላዩ ላይ ዘረጋ። ብረቱ አንድ ሜትር ከአርባ አምስት ሆኖ ተገኘ።

«ይኸው!» አለ ሚሊሜትር።

«ይኸው» አለ ተቆጣጣሪውም በሐዘን። «ብረት በሙቀት ይረዝማል። ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጠነው። ለጥገና መላክ አለበት።»

እታለም «በስመ አብ!» ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

ተቆጣጣሪው በደስታ ፉጨት ቢጤ እያሰማ ቅጹን መሙላት ጀመረ። ሦስተኛው መስመር የክፍሉን ስፋት ይጠይቃል። በሱፉ ሜትር ለካ። አምስት ሜትር ከሰማንያ በአራት ሜትር ከሠላሳ አምስት። አባዛ። ፉጨቱ ቆመ።

«ሃያ አምስት ካሬ ሜትር» አለ። «የእናንተ ፈቃድ የትንሽ ማጠቢያ ነው። ከሃያ ካሬ በላይ ትልቅ ማጠቢያ ይባላል። አራት ማሽን ያስፈልጋል፤ ስድስት ሠራተኛ፤ የእሳት መውጫ በር።» ብዕሩን አስቀመጠ። በእውነት አዝኖ ነበር። «ቤቱን ማሸግ ሊኖርብኝ ነው። ሕግ ነው፤ ምን ላድርግ?»

«አሥራ ሁለት ካሬ ነው!» አለ ሚሊሜትር። «ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም እኮ!»

«እኔ ገዝፌ ነዋ የጠበበን።»

ተቆጣጣሪው ከኪሱ የማሸጊያ ወረቀት መምዘዝ ጀመረ። ሚሊሜትር መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ትዊዱን፣ ፍላኔሉን፣ ጋባርዲኑን። ማን ይቦርሻቸዋል? ካሽሜሩንስ አንዱ ወስዶ በሽቦ መስቀያ ቢሰቅለው?

እታለም ከወንበሯ ሳትነሣ ተናገረች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባለቤትዎ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት። ምነው?»

«ቁመታቸው እንዴት ነው? ከእርስዎ ይበልጣሉ መሰለኝ፤ አንድ ቀን ልብስ ሲያመጡ አይቻለሁ።»

ተቆጣጣሪው አንገቱ ወደ ኮሌታው ትንሽ ተመለሰ። «በአራት ሳንቲሜትር» አለ። «ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አራት ሳንቲሜትር ናት። ለምደነዋል። አሁን ግን እኔ ሁለት ከሠላሳ ስድስት...»

«እሳቸውም በዚሁ ሜትር ይለካሉ አይደል? ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ስንት ይመጣል?»

ሚሊሜትር ሒሳብ ከተጠየቀ ሞት እንኳ ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል። «አንድ ሜትር ከስልሳ ሰባት ለስልሳ ዘጠኝ ሲካፈል... ሁለት ሜትር ከአርባ ሁለት» አለ።

«ልዩነቱስ?»

«አምስት ነጥብ ስምንት።»

ተቆጣጣሪው ብዕሩን አንሥቶ በማሸጊያው ወረቀት ጠርዝ ላይ ራሱ ቀነሰው።

«አምስት ነጥብ ስምንት?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ወደ ስድስት ይጠጋል» አለች እታለም በርኅራኄ።

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ወደ ኪሱ መለሰ። መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ አጠለቀ። የሱፉን ሜትር አንስቶ ወደ ብርሃን አቀና፤ ቁጥሮቹ እንዴት እርስ በርስ እንደተጣበቁ፣ ክሩ እንዴት እንደ ቆርበት እንደ ጠጠረ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ መሰለ።

«ይሄ ሜትር ተኮማትሯል» አለ። «እንዴት ቀድሞ አልተነገረኝም?»

«ነግሬዎት...» ሲል እታለም የወንድሟን እግር ረገጠች።

«አላስተዋልንም፣ ጋሼ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው በብረቱ ሜትር ተሠራ። ክፍሉ አሥራ ሁለት ካሬ ሜትር ወጣ። ተቆጣጣሪው ራሱን አላስለካም። በቅጹ ላይ ስለ ሱፉ ሜትር «ለረዥም ጊዜ በታማኝነት አገልግሎ በጡረታ ተሰናብቷል» ብሎ ጻፈ፤ ለሚሊሜትር የብረት ሜትር ታተመለት። የቀረው ካፖርቱ ነበር።

«የደንበኛ ልብስ አበላሽቶ መጠቀሚያ ያሳጣ ማጠቢያ ፈቃድ አይታደስለትም» አለ ተቆጣጣሪው፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። «ሦስት ወር እሰጣችኋለሁ። በሦስት ወር ውስጥ ይህን ካፖርት አገልግሎት ላይ ካዋላችሁት ዓመቱን ሙሉ አድስላችኋለሁ። ያለዚያ አሽጋለሁ።»

«ምን ዓይነት አገልግሎት?» አለ ሚሊሜትር።

«እኔ ምን አውቄ! ባለሙያው አንተ።»

ሚሊሜትር ካፖርቱን ዳበሰ። ውፍረቱን ለካ፤ ስድስት ሚሊሜትር። በጣም የተጠቀጠቀ ሱፍ አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ በመቀስ ቢቆረጥ ጠርዙ አይተረተርም፣ ክሩ አይፈታም። እግር ያሞቃል፤ ላብ ይመጥጣል። የተቆጣጣሪውን ጫማ አየ። ከጫማው ወደ ላይ፣ እስከ አናቱ አየ። ከዚያ ስለ ባለቤቱ ምንም ሳይናገር፣ «ጌታዬ፣ እግርዎን ይበርድዎታል?» ብሎ ጠየቀ።

ተቆጣጣሪው ለአፍታ ትኩር ብሎ አየው። ሁለቱም ባለሙያዎች ናቸው፤ ተግባቡ።

«በጣም» አለ።

ለእያንዳንዱ ጫማ ከካፖርቱ አምስት አምስት የውስጥ ሶል ተቆረጠ፤ ተደራረበ፤ ዙሪያውን ተሰፋ። ሠላሳ ሚሊሜትር። ጫማው በሁለት ቁጥር ከፍ ያለ መገዛት ነበረበት። ሚሊሜትር አጠባበቁን በወረቀት ጽፎ ሰጠው፦ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፣ ያለ ማሸት፣ ተዘርግቶ ከፀሐይ ርቆ ይድረቅ፣ ማታ ማታ ከጫማው ወጥቶ ይናፈስ። የሱፍ ሜትሩን እታለም በሹራቦቹ መደርደሪያ ጫፍ ላይ ተጣጥፎ እንዲተኛ አደረገችው። ሰማያዊውን ጎማ ወደ ቀዝቃዛው፣ ቀዩን ወደ ሙቁ ያዞረችውም እሷ ናት፤ አንዱ ተወጥሮ ሌላው ተንዘላዝሎ ይታያል፤ ሚሊሜትር በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል።

በሦስተኛው ወር ሐሙስ ተቆጣጣሪው ለቁጥጥር መጣ። ጫማውን አውልቆ ሶሎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሚሊሜትር በታተመው ብረት ለካቸው። ተረግጠው የግራው ሃያ ስድስት፣ የቀኙ ሃያ አምስት ሚሊሜትር ሆነዋል። ተቆጣጣሪው ለዓመቱ ፈረመና፣ ቅጹ በማይጠይቀው ቦታ፣ ግርጌው ላይ በእርሳስ አንድ ነገር ጨመረበት፦ ከባለቤቴ ጋር ያለው ልዩነት፣ በጫማ፣ አንድ ነጥብ አራት ሳንቲሜትር።